የካሜራ የምስል ጥራትና የኤዲቲንግ ሶፍትዌር፦ ፊልም በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ጀምረው ወደ አስቸጋሪው ይሄዳሉ፤ እያንዳንዱ መልስ ለብቻው ሊነበብ ይችላል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥሩ ምስል ለማግኘት ውድ ካሜራ መግዛት የግድ ነው?

የግድ አይደለም። በ2008 የወጣው ካኖን ፋይቭ ዲ ማርክ ቱ ፉል ፍሬም የሚባለው ትልቅ ሴንሰር (ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ካላቸው የፎቶ ካሜራዎች መካከል 1080 በሚባለው የምስል ጥራት ቪዲዮ በመቅረጽ የመጀመሪያው ነበር፤ በሴኮንድ 24 እና 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) መቅረጽ የቻለው እንኳ በ2010 በተለቀቀለት ማሻሻያ ነው። ይህም ሆኖ በዚያ ካሜራ የተቀረጹ ሥራዎች በቴሌቪዥንም በሲኒማም ታይተዋል። ዛሬ ያኔ ከነበረው ዋጋ በእጅጉ ባነሰ የሚገኝ መካከለኛ ካሜራ በአብዛኛው መለኪያ ይበልጠዋል።

አሮጌ ካሜራ የሚገዛ ሰው ከምስሉ ይልቅ ገደቡን ቢጠይቅ ይሻለዋል። የዚያ ዘመን ካሜራዎች ብዙዎቹ አንዱ ፋይል 4 ጊጋባይት ሲደርስ መቅረጽ ያቆማሉ፤ ይህም በ1080 ጥራት 12 ደቂቃ አካባቢ ነው። እኔ ይህንን ያወቅሁት በዘመድ ሠርግ ላይ ነው። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አቁሜ ሽማግሌው ሲመርቁ ከሰዉ ጋር «አሜን» እያልኩ ቆይቼ፣ ቀይዋ ነጥብ መጥፋቷን ያየሁት ምርቃቱ ካለቀ በኋላ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ካሜራዎች ደግሞ 29 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ላይ ይቆሙ ነበር፤ ምክንያቱም ቴክኒካዊ ብቻ ሳይሆን፣ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚቀርጽ መሣሪያ በአውሮፓ የጉምሩክ አመዳደብ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ተቆጥሮ ተጨማሪ ቀረጥ ይጣልበት ስለነበረ ነው።

ስልኬ ይበቃኛል?

በቀን ብርሃንና በደንብ በበራ ክፍል ውስጥ ይበቃል። ስልክ የሚያስቸግረው በምሽት፣ እንዲሁም ቀረጻው መሃል ላይ ብርሃኑንና ቀለሙን በራሱ እየቀያየረ ፊትን አንዴ ቢጫ አንዴ ሰማያዊ ሲያደርግ ነው። ለዚህ መፍትሔው ፎከስን፣ ሹተርን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) እና ዋይት ባላንስን (የቀለሙን ሚዛን) መቆለፍ የሚያስችል መተግበሪያ መጫን ነው። ብላክማጂክ ካሜራ የተባለው ነጻ መተግበሪያ በ2023 ለአይፎን፣ በ2024 ደግሞ ለአንድሮይድ ወጥቷል። ለካሜራ የተቆጠበ ገንዘብ ካለ አስቀድሞ ማይክ ቢገዛበት እመርጣለሁ።

ፎር ኬ በእርግጥ ከ1080 ይሻላል?

የ1080 ምስል 1920 በ1080፣ ማለትም 2.1 ሚሊዮን ገደማ ነጥቦች አሉት፤ ፎር ኬ የሚባለው ደግሞ 3840 በ2160 ሆኖ 8.3 ሚሊዮን ገደማ ነው። አራት እጥፍ ነው ማለት ነው፤ ነገር ግን በስልክ ለሚያይ ተመልካች ልዩነቱ ከመጤፍ አይቆጠርም። የፎር ኬ ትልቁ ጥቅም ለተመልካቹ ሳይሆን ለአቀናባሪው ነው። በአንድ ካሜራ የተቀረጸ ቃለ ምልልስ በ1080 ታይምላይን (ምስሎቹ በቅደም ተከተል የሚደረደሩበት የኤዲቲንግ ሰሌዳ) ላይ ሲቀመጥ፣ አንዱን ሰፊ ምስል አንዴ ሙሉውን፣ አንዴ ደግሞ ፊት ድረስ ቀርቦ መጠቀም ይቻላል፤ ሁለት ካሜራ ያለ ያህል ይሆናል።

ዋጋው የሚከፈለው በማከማቻ ነው። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚጽፍ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይፈጃል። ባለ 64 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድ አንድ ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ይይዛል፤ የስድስት ሰዓት የሠርግ ቀረጻ 270 ጊጋባይት ይሆናል፤ ቅጂውን በሌላ ሃርድ ዲስክ የሚያስቀምጥ ጠንቃቃ ሰው ደግሞ ይህንን በሁለት ያባዛዋል። ይህንን የማይችል ሰው በ1080 ቢቀርጽ አያፍርም።

በቤት ውስጥ ስቀርጽ ጥቁር መስመሮች ምስሉ ላይ የሚሄዱት ለምንድን ነው?

ምክንያቱ ካሜራው ሳይሆን መብራቱ ነው። በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል በሴኮንድ 50 ዙር ስለሚሠራ ፍሎረሰንትና ብዙ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎች በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉ። ዓይናችን ይህንን አያየውም፤ ካሜራው ግን የሹተር ፍጥነቱ ከዚህ ምት ጋር ካልተስማማ አንዱን መስመር በድምቀቱ፣ ቀጣዩን በድብዛዜው ጊዜ ይይዛል። ከፋብሪካ ሲወጡ በ30 ፍሬም የተስተካከሉ ስልኮችና ካሜራዎች ሹተራቸው 1/60 አካባቢ ስለሚሆን ችግሩ በእነሱ ላይ ይበረታል። ስለዚህ አገር ቤት የሚቀርጽ ሰው 25 ፍሬም መርጦ ሹተሩን 1/50 ላይ ቢቆልፍ፣ ብርሃኑ ከበዛም 1/100 ቢያደርገው፣ መስመሮቹ በአብዛኛው ይጠፋሉ።

ውጭ አገር ያሉ ወገኖች ላይ ነገሩ ይለያያል። በአሜሪካና በሳዑዲ ዓረቢያ ኃይሉ 60 ዙር ስለሆነ 1/60 ወይም 1/120 ይስማማል፤ በእስራኤል፣ በአውሮፓና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ደግሞ እንደ ኢትዮጵያ 50 ነው። ከዋሽንግተን የመጣ ዘመድ ካሜራውን ሳይቀይር አዲስ አበባ በአዳራሽ ውስጥ ሲቀርጽ «ካሜራዬ ተበላሸ» የሚለውም በዚህ የተነሳ ነው። መብራታቸው እንዲደበዝዝ የተደረጉ አንዳንድ የኤልኢዲ ጌጦች ግን ከኃይሉ ምት ውጪ የራሳቸው ምት አላቸው፤ እዚያ ላይ ሹተሩን ጥቂት በጥቂት እየቀያየሩ ስክሪኑን ከማየት ሌላ መፍትሔ የለም።

ነጠላ የለበሰ ሰው ስቀርጽ ወይ ነጠላው ይነጣል ወይ ፊቱ ይጠቁራል። ምን ላድርግ?

ይህ እኛ ዘንድ የሁሉም ካሜራ ፈተና ነው። ነጭ ጥጥ የወደቀበትን ብርሃን አብዛኛውን ይመልሳል፤ ጠይም ፊት ግን ጥቂቱን ነው የሚመልሰው፤ በዚያ ላይ የቀትር ፀሐይ ሲጨመርና ፊቱ በነጠላው ጥላ ውስጥ ሲሆን ልዩነቱ ርካሽ ሴንሰር ከሚይዘው በላይ ይሆናል። በአውቶማቲክ የተተወ ካሜራ ነጩን አይቶ ያጨልማል፤ የሙሽራዋ ፊት ከነጌጡ ይጠፋል።

መጀመሪያ የሚስተካከለው ቦታው ነው። ሰውየውን ከቀትር ፀሐይ አውጥቶ በበረንዳ ወይም በዛፍ ጥላ ጠርዝ ላይ፣ ፊቱን ወደ ክፍት ሰማይ አዙሮ ማስቀመጥ ብቻ ግማሹን ችግር ይፈታል። በዚህ ቦታ ነጠላው ራሱ ሥራ ይጀምራል፦ ደረት ላይ የተዘረጋው ነጭ ጨርቅ ብርሃኑን ከታች ወደ አገጭና ወደ ጉንጭ ይመልሳል፤ በገንዘብ የሚገዛ ሪፍሌክተር የሚሠራውን ይሠራል ማለት ነው። ቀጥሎ ካሜራው ዜብራ የሚባለው፣ ብርሃን የበዛበትን ቦታ በመስመሮች የሚያሳይ ምልክት ካለው 95 በመቶ ላይ አድርጎ፣ መስመሮቹ ነጠላው ላይ ብቅ ሲሉ ብርሃኑን ጥቂት መቀነስ ነው። የጥለቱ ክር ከታየ በቂ ነው። ፊቱን በኤዲቲንግ ጊዜ ማንሳት ይቻላል፤ የነጣ ነጠላን ግን ማንም ሶፍትዌር አይመልሰውም።

ፉል ፍሬም ሴንሰር ካልሆነ ሲኒማ አይመስልም ይባላል። እውነት ነው?

የፉል ፍሬም ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር፣ ማይክሮ ፎር ሰርድስ የሚባለው አነስተኛ ሴንሰር ደግሞ 17.3 በ13 ሚሊሜትር ነው። ትልቁ በስፋቱ አራት እጥፍ ሊጠጋ ስለሚችል በጨለማ የተሻለ ንጹሕ ምስል ይሰጣል፤ ጀርባውንም በቀላሉ ያደበዝዛል። ይሁን እንጂ ድብዛዜው ሁልጊዜ ጥቅም አይደለም። ቡና የምታፈላ ሴት በፉል ፍሬም ካሜራ ሌንሱን እስከ መጨረሻው ከፍቶ የሚቀርጽ ሰው ጀበናውን ሲያጠራ እጇን ያጣል፤ እጇን ሲያጠራ ሲኒዎቹን ያጣል። ረከቦቱም ጭሱም ፊቷም አንድ ላይ መታየት ካለባቸው፣ ያ ውድ ሌንስ መልሶ ይጠብና አነስተኛው ካሜራ ካለበት ቦታ ላይ ይደርሳል።

ባለ 8 ቢትና ባለ 10 ቢት ምንድን ናቸው? በሎግ መቅረጽስ አለብኝ?

ባለ 8 ቢት ፋይል ለእያንዳንዱ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ 256 ደረጃዎች አሉት፤ ባለ 10 ቢቱ ግን 1,024። ምስሉ እንደተቀረጸ የሚታይ ከሆነ 8 ቢት አይጎድለውም። ልዩነቱ የሚወጣው ቀለሙ በኋላ በብዛት ሲጎተት ነው፤ የማታ ሰማይ ወይም ባለ አንድ ቀለም ግድግዳ እንደ ደረጃ እየተቆራረጠ ይታያል።

ሎግ ማለት ካሜራው ብሩሁንም ጨለማውንም በአንድነት ለመያዝ ሲል ምስሉን አደብዝዞና አመድ አስመስሎ የሚጽፍበት መንገድ ነው። ለምሳሌ በሶኒ ኤስ-ሎግ 3 ነጭ ወረቀት 61 በመቶ አካባቢ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ በላይ ያለው ቦታ ለፀሐይና ለመስኮት ይቆያል። እንግዲህ ከ256 ደረጃዎች ፊትና ልብስ የሚደርሳቸው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው፤ ቀለሙ ወደ ቦታው ሲመለስ እነዚያ ጥቂቶች ይለጠጣሉ። እኔ በ8 ቢት በሎግ የቀረጽኩት አንድ የመልስ ዝግጅት አለ፦ የድንኳኑ ጨርቅ በአራት ማዕዘን ተከፋፍሎ፣ የሙሽራው እናት ጉንጭ ላይ አረንጓዴ ጥላ ወጥቶ፣ ሁለት ሳምንት ታግዬ ያሰብኩትን ሳላገኝ አስረከብኩ።

ስለዚህ ባለ 8 ቢት ካሜራ የያዘ ሰው በመደበኛው የቀለም ስልት፣ ኮንትራስቱን ጥቂት ቀንሶ ቢቀርጽ ይሻለዋል። ባለ 10 ቢት ካሜራ ያለው ሎግን ሊሞክር ይችላል። ፓናሶኒክ ጂ ኤች 5 በ2017 ባለ 10 ቢት 4:2:2 (ከተለመደው የበለጠ የቀለም መረጃ የሚይዝ) ፎር ኬ በካሜራው ውስጥ መጻፍ ሲጀምር ይህ ብርቅ ነበር፤ ዛሬ በመካከለኛ ዋጋ ካሜራዎችም ይገኛል።

የትኛውን የኤዲቲንግ ሶፍትዌር ልጀምር?

ክርክሩ ብዙ ጊዜ እንደ ኳስ ቡድን ድጋፍ ነው፤ ሰው የሚከራከረው መጀመሪያ ለተማረበት ነው። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነጻው ቅጂው እስከ 3840 በ2160 ጥራትና በሴኮንድ እስከ 60 ፍሬም ያወጣል፤ ለቀለም ሥራም የሚስተካከለው የለም ባይ ነኝ። የሚከፈልበት ስቱዲዮ የተባለው 295 ዶላር ሆኖ አንዴ ብቻ ይከፈላል፤ የምስል ጫጫታ ማጽጃው በዚህኛው ብቻ ነው ያለው። አዶቤ ፕሪሚየር ከ2013 ወዲህ በየወሩ ወይም በየዓመቱ በሚከፈል ምዝገባ የሚሰጥ ነው። ፋይናል ከት በአፕል መሣሪያዎች፣ በማክና በአይፓድ ብቻ ይሠራል። ካፕከት ለአጫጭር የስልክ ቪዲዮ ፈጣን ነው፤ ረጅም ፊልም ሲሆን ግን ያደክማል። ኬደንላይቭና ሾትከት ሙሉ በሙሉ ነጻ ናቸው፤ አቅሙ ዝቅተኛ በሆነ ኮምፒውተርም ላይ ይንቀሳቀሳሉ።

ከስሙ በፊት ግን ሁለት ነገር መታየት አለበት። የመጀመሪያው ኮምፒውተሩ ነው፦ ዳቪንቺ ሥራውን በአብዛኛው በግራፊክስ ካርዱ ላይ ስለሚጥል፣ 16 ጊጋባይት ራምና የራሱ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ላይ ማስገደዱ ጊዜ ማባከን ነው። ሁለተኛው ካሜራው የሚጽፈው ፋይል ነው። አዳዲስ ካሜራዎች የሚጽፉትን ባለ 10 ቢት 4:2:2 የኤች 265 (የቪዲዮ መጨመቂያ ዘዴ ነው) ፋይል ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ የመጡ ብዙ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በውስጣቸው ባለው ግራፊክስ ይፈቱታል፤ የኢንቪዲያ ካርዶች ግን ይህንን የጀመሩት በ2025 በወጡት ባለ 50 ተከታታይ ነው። በብዙ ሺህ ብር የተገዛ ካርድ ሲንተፋተፍ፣ አጠገቡ ያለ ቀላል ላፕቶፕ ያንኑ ፋይል በሰላም ሲያጫውት ያየ ሰው ካሜራና ሶፍትዌር ለየብቻ እንደማይመረጡ ይገባዋል። ካሜራ ከመግዛትዎ በፊት የራስዎን ሚሞሪ ካርድ ይዘው ይሂዱና በሱቁ ውስጥ አንድ ደቂቃ ቀርጸው፣ ፋይሉን ቤትዎ ባለው ኮምፒውተር ላይ ይሞክሩት።

ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር ብጠቀም ምን ችግር አለው?

ከሕጋዊነቱ ሌላ፣ ከቫይረስ ጋር መምጣቱና ማሻሻያ ሲወጣ መቆሙ የታወቀ ነው። ለውጭ አገር የሚከፍል ካርድ የሌለው ሰው ምርጫ እንደሚያንሰው አውቃለሁ፤ ግን ነጻዎቹ ዛሬ የደረሱበት ደረጃ ላይ ሆኖ የደንበኛን የሠርግ ቪዲዮ የያዘ ሃርድ ዲስክ ለዚህ አደጋ ማጋለጥ አያዋጣም።

ፎር ኬ ፋይሉን ስከፍት ኮምፒውተሬ ይንተፋተፋል። አዲስ መግዛት አለብኝ?

አስቀድመው ፕሮክሲ ይሞክሩ። ኤች 264 እና ኤች 265 ቦታ ለመቆጠብ ሙሉ ምስል የሚጽፉት አልፎ አልፎ ነው፤ በመካከል ያሉት ፍሬሞች ከጎረቤታቸው የተለወጠውን ብቻ ይይዛሉ። ለማየት ምቹ ነው፤ ለመቁረጥ ግን ኮምፒውተሩ አንዱን ፍሬም ለማሳየት ሌሎቹን ሁሉ መልሶ ማስላት አለበት። ፕሮክሲ ማለት ሶፍትዌሩ ከየፋይሉ አነስተኛና ለመቁረጥ የሚቀል ቅጂ ሠርቶ በዚያ ላይ ሲሠራ ቆይቶ፣ ኤክስፖርት ሲደረግ ወደ ዋናው ፋይል የሚመለስበት መንገድ ነው። ዳቪንቺ፣ ፕሪሚየር፣ ፋይናል ከት፣ ኬደንላይቭና ሾትከት ሁሉም ይህንን ያደርጋሉ። ማታ ፕሮክሲውን አስጀምሮ መተኛት የብዙዎቻችን ልማድ ነው፤ መብራት ካልጠፋ ጠዋት ደርሶ ይገኛል። ለመብራት መጥፋቱም ቢሆን የዳቪንቺን ላይቭ ሴቭና የፕሮጀክት መጠባበቂያ፣ የፕሪሚየርን አውቶ ሴቭ ከመጀመሪያው ቀን ማብራት ይገባል።

ድምፁ መጀመሪያ ላይ ልክ ሆኖ እየቆየ ከከንፈር የሚለየው ለምንድን ነው?

በስልክ የተቀረጸ ከሆነ ፍሬሙ ቋሚ ስላልሆነ ነው። ስልክ ብርሃን ሲቀንስ ወይም ሲሞቅ በሴኮንድ የሚይዘውን ፍሬም ዝቅ ከፍ ያደርጋል፤ ሶፍትዌሩ ግን ቋሚ እንደሆነ አድርጎ ይቆጥረዋል። ፋይሉን ወደ ታይምላይን ከማስገባት በፊት በሃንድብሬክ ወይም በሹተር ኢንኮደር ወደ ቋሚ ፍሬም መለወጥ ይፈታዋል። ድምፁ በተለየ መቅጃ የተቀዳ ከሆነ ደግሞ መቅጃው 48 ሺህ ሄርትዝ ላይ መሆኑን ይፈትሹ፤ ለቪዲዮ የተለመደው እሱ ነው።

የአማርኛ ጽሑፍ ስጽፍ አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ይወጣል። ምን ይሻላል?

ሳጥኑ የሚወጣው የተመረጠው ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ነው። ፊደላችን በ1999 የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር በሚመዘገቡበት ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል፤ ስለዚህ የዩኒኮድ ፎንት ከተመረጠ ችግሩ ይቀራል። ዊንዶውስ ላይ ኒያላ፣ በነጻ ከሚወርዱት ደግሞ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ይገኛሉ። ለስልክ ተመልካች ኖቶ ሳንስን እመርጣለሁ፤ የአቢሲኒካ ቀጫጭን ጭረቶች ቪዲዮው ሲጨመቅ ስለሚጠፉ «ሐ» እና «ሕ» እስኪያምታቱ ድረስ ይደርሳል። በድሮዎቹ የዩኒኮድ ባልሆኑ ፎንቶች የተተየበ ጽሑፍ ፎንቱ ሲቀየር የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል፤ እንደገና መተየብ ወይም በመለወጫ ማሳለፍ ያስፈልጋል።

ከታች የሚሄደው ትርጉም ኤስ አር ቲ በሚባለው የትርጉም ጽሑፍ ፋይል የሚገባ ከሆነ፣ ፋይሉ ሲቀመጥ ዩ ቲ ኤፍ 8 (ዩኒኮድን የሚያስቀምጥ የአጻጻፍ ምርጫ) መመረጡን ያረጋግጡ። ይህ ተረስቶ ቪዲዮው ለደንበኛ በጥያቄ ምልክት ተሞልቶ ሲደርስ አይቻለሁ።

ኮምፒውተሬ ላይ ጥርት ያለው ቪዲዮ ዩቲዩብና ቴሌግራም ላይ ለምን ይደበዝዛል?

ሁለቱም መልሰው ስለሚጨምቁት ነው። ዩቲዩብ በ24 እስከ 30 ፍሬም ላለ የ1080 ቪዲዮ በሴኮንድ 8 ሜጋቢት፣ ለፎር ኬ ደግሞ ከ35 እስከ 45 ሜጋቢት ተጠቀሙ ይላል፤ ኢንተርኔቱ ከቻለ ከዚያ ከፍ ማድረግ አይጎዳም። በ1080 የተቀነባበረውን ወደ ፎር ኬ አሳድጎ መጫን ማጭበርበር ይመስላል፤ ነገር ግን ዩቲዩብ ለትልቁ ምስል የተሻለ ኮዴክ (የመጨመቂያ ዘዴ) እና ብዙ ቢት ስለሚመድብ ሣርና ጭስ ያለበት ምስል በግልጽ ይሻሻላል። ቴሌግራም ላይ «ቪዲዮ» ተብሎ የተላከው ይጨመቃል፤ «ፋይል» ተብሎ የተላከው እስከ 2 ጊጋባይት ድረስ ሳይነካ ይደርሳል።

አንዱ ሶፍትዌር ከሌላው የተሻለ ቀለም ያወጣል የሚባለውስ?

ይህ ክርክር የማያልቀው ሁለቱም ወገን የሚያየው ልዩነት እውነተኛ ስለሆነ ነው፤ ምክንያቱ ግን የተለየ ነው። ምስሉን ሳይነኩ ቆርጠው የሚያወጡት ሁለት ሶፍትዌሮች ያንኑ ቀለም መስጠት አለባቸው። ልዩነት ከታየ ብዙ ጊዜ ከሁለት ቦታ ይመጣል። አንደኛው ደረጃው ነው፦ ቪዲዮ በተለምዶ ጥቁሩን 16፣ ነጩን 235 ላይ ያደርጋል፤ ኮምፒውተር ደግሞ 0 እና 255 ላይ። አንዱ ሶፍትዌር ፋይሉን በስሕተት ካነበበው ምስሉ ወይ አመድ ይለብሳል ወይ ጥቁሩ ይዘጋል፤ ይህም በፋይሉ ቅንብር ውስጥ በአንድ ምርጫ ይስተካከላል።

ሁለተኛው ማክ ላይ የሚያጋጥመው ነው። ዳቪንቺ ውስጥ ደማቅ የነበረው ምስል በኩዊክታይም ሲከፈት ፈዝዞ ይታያል፤ ፋይሉ አልተለወጠም፣ የተለወጠው አጫዋቹ የብርሃኑን ኩርባ የሚተረጉምበት መንገድ ነው። ይህንን ያላወቀ ሰው ደጋግሞ ያጨልመውና ለቴሌቪዥን ሲያወጣው ጨለማ ሆኖ ያገኘዋል። እኔ አሁን የመጨረሻውን ቅጂ በኩዊክታይም አልፈርድበትም፦ በፍላሽ አድርጌ ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ላይ እሰካዋለሁ፣ ቀጥሎ በአንድ አንድሮይድ ስልክ እከፍተዋለሁ፤ በሁለቱም ላይ ፊት ፊት ከመሰለ እልከዋለሁ።